«ጮክ በሉ» ከማለታችን በፊት፦ የልጆችን ድምፅ ሳይጎዱ መዝሙር ማስተማር

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ልጆች ድምፅ አያያዝ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ትእዛዝ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ተማሪው ተሰልፎ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ብሔራዊ መዝሙሩን ይጀምራል። ከፊት የቆመው መምህር እጁን ወደ ላይ እያነሣ «አልተሰማም፤ ጮክ በሉ!» ይላል። ከዚያም ክፍል ውስጥ ንባቡ በኅብረት ነው፤ «ጮክ በሉ»። ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለ፤ እዚያም «ጮክ በሉ»። አንድ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህን ትእዛዝ በቀን ስንት ጊዜ ሰምቶ እንደሚመለስ አስቡት።

ዛሬ ማታ ልከራከርበት የምፈልገው ነገር አጭር ነው። በትምህርት ቤት መዝሙር ውስጥ የልጅን ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ያለ ልክ መጮህ፣ ለልጁ በማይመች ከፍታ ወይም ዝቅታ መዘመር፣ እረፍት ማጣት። ሦስቱንም የሚያዝዘው መምህሩ ስለሆነ፣ ሦስቱንም ማስቀረት የሚችለው መምህሩ ነው። መፍትሔውን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከፊሉ በራሳችን የዜማ ባህል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። በአማርኛ «የድምፅ አውታር» እንላለን። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የክራርን ጅማት ስለሚያስታውሰን በጥቂቱ ያሳስተናል። የክራር ጅማት ቢበጠስ ከገበያ ሌላ ይገዛል። በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት አውታሮች ግን ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ሕይወት ያላቸው እጥፋቶች ናቸው፤ ከጅማት ይልቅ ከንፈርን ይመስላሉ። ርዝመታቸው በጎልማሳ ሴት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር፣ በጎልማሳ ወንድ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በልጅ ላይ ከዚህ ሁሉ ያነሱ ናቸው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፤ ድምፅም ይወለዳል።

ስንት ጊዜ ይገናኛሉ? መካከለኛው ዶ በምንለው ድምፅ በሰከንድ 262 ጊዜ ያህል። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ልምምድ ውስጥ ግማሹን ጊዜ ብቻ በዚህ ድምፅ ቢዘምር 1,800 ሰከንድ ይሆናል። ስናባዛው አውታሮቹ ከ470,000 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ቢዘምር ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ሲጮህ ደግሞ አንዱ አውታር ከሌላው ጋር የሚጋጭበት ኃይል ይጨምራል። ዕርፍ ሲጨብጥ የዋለ ለጋ መዳፍ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ውኃ ይቋጥራል፣ ልማዱ ከቀጠለ ይደነድናል። በአውታሮች ላይም የሚሆነው ከዚህ አይርቅም፤ መጀመሪያ ያብጣሉ፣ ድምፁ ይሻክራል። ጫናው ካልቆመ ብዙ ግጭት በሚደርስበት በመካከላቸው፣ በግራና በቀኝ ትይዩ፣ ትንንሽ ጉብታዎች ይበቅላሉ። የገበሬው መዳፍ ሲደነድን ለሥራ ይመቸዋል፤ የዘማሪ አውታር ሲደነድን ግን መዝጋት ያቅተዋል፤ አየር ያፈስሳል።

የልጅ አውታር የአዋቂ አውታር ትንሽ ቅጂ አለመሆኑንም ማወቅ ይገባናል። ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ ባደረጋቸው ምርምሮች አውታሮች ከተለያዩ ንጣፎች የተሠሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአዋቂ ውስጥ እንደ ማገር ሆኖ የሚያገለግለው የመካከለኛው ንጣፍ ጅማት በተወለደ ሕፃን ላይ የለም፤ ቀስ በቀስ ተሠርቶ የሚጠናቀቀው ከጉርምስና ጋር ነው። እንግዲህ የአሥር ዓመት ልጅን እንደ ሠላሳ ዓመት ዘማሪ ስናስጮህ፣ ማገሩ ያልቆመ ቤት ላይ ጣራ እየጫንን ነው።

ይህን ሁሉ በንባብ ከማወቄ በፊት በስሕተት ተምሬዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ አዲስ ተመራቂ ሳለሁ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የመዘምራን ቡድን እመራ ነበር። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለ በወላጆች ቀን ብቻውን ወጥቶ ሲዘምር አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር። ዓመቱ ዞሮ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ድምፁ አልታዘዝ አለው። ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ ልጆች ይስቃሉ። እኔ «አልተለማመድህም» አልሁት። ከትምህርት በኋላ እያስቀረሁ ያንኑ ከፍ ያለ ክፍል ደጋግሜ አስጮህሁት። ድምፁ ሻከረ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው «ኋላ ቁም፤ ድምፅ አታውጣ፤ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አልሁት። እንዳልሁት አደረገ። ከዚያ በኋላ ወደ ልምምድ አልመጣም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ ሰርግ ላይ ተገናኘን። የልጆች አባት ሆኗል። ሰዉ ሁሉ ሲዘፍን እሱ ዝም ብሎ ያጨበጭባል። ለምን እንደማይቀበል ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «መምህር፣ እኔ እኮ ድምፅ የለኝም፤ እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ። በቅሬታ አልተናገረውም፤ ቁመቱን ወይም የትውልድ ቀኑን እንደሚነግረኝ ያህል በእርጋታ ነው የተናገረው። እኔን ያሳመመኝም ይኸው ነው። የዚያ ልጅ ድምፅ አልተበላሸም ነበር፤ እያደገ ነበር። ያልተማርሁት እኔ ነበርሁ።

በጉርምስና ወቅት የወንድ ልጅ ማንቁርት በፍጥነት ያድጋል፤ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ ድምፁም በአንድ ኦክታቭ ገደማ ይወርዳል። የሴት ልጅ ድምፅም ይለወጣል፤ መውረዱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አናስተውለውም እንጂ ለጊዜው ትንፋሽ የበዛበትና ያልጠራ ይሆናል፤ እኛም «ሰነፈች» እንላለን። አሜሪካዊው የሙዚቃ መምህር ጆን ኩክሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እንዳሳየው የወንዶች ድምፅ ለውጥ ቅደም ተከተል ባላቸው ደረጃዎች የሚያልፍ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ በምቾት የሚዘምረው የድምፅ ክልል አለው። ክልሉ ሊጠብ ይችላል፤ አንዳንዴ አምስት ወይም ስድስት ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ልጅ በእነዚያ አምስት ድምፆች የሚዘመር ተቀባይ መስመር መጻፍ ለአንድ የሙዚቃ መምህር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ለውጡ ከመምጣቱ በፊትም ክፍሉን በሙሉ ሰብስቦ «በዚህ ዕድሜ ይህ ይሆናል፤ በሁላችሁም ላይ ይደርሳል» ብሎ መንገር ሳቁን አስቀድሞ ያስቀራል።

አሁን ወደ «ጮክ በሉ» ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አንድ ነገር ገለጸ፦ ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በመዘምራን መካከልም ይኸው ይሆናል። ስድሳ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲዘምሩ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ መስማት ይሳነዋል። ራሱን ለመስማት ይጮኻል፤ እሱ ሲጮህ ጎረቤቱ ይጮኻል። ስለዚህ ብዙ ልጆች ባሉበት «ጮክ በሉ» ማለት እየነደደ ባለ እሳት ላይ ጭራሮ መጨመር ነው። ቀላሉ መድኃኒት ቦታ ማስፋት ነው፤ በልጆቹ መካከል የአንድ ክንድ ያህል ርቀት መተው፣ ሲቻልም በግማሽ ክብ ማቆም። ድምፁ ሳይጨምር ይጠራል፤ የጠራ ድምፅ ደግሞ ከሻከረ ጩኸት ይልቅ ከኋላ ወንበር ይሰማል።

ከእረፍት አንጻር ደግሞ አባቶቻችንን ማየት ይበቃናል። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ የሚመሩ ናቸው። ቀኙ ሲል ግራው ይሰማል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ አገልግሎት በአንድ ትንፋሽ አይዘለቅም። በሕዝብ ዘፈናችንም አውራጅና ተቀባይ አለ። አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዩ ያዳምጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይተነፍሳል፤ አውራጁም ሲደክመው ለሌላው ያስረክባል። በደቦ እርሻና በሰርግ ቤት ሰዎች ለሰዓታት የሚዘፍኑት በዚህ ሥርዓት ነው። እረፍቱ ከዜማው ውጭ የተጨመረ ሳይሆን በዜማው አሠራር ውስጥ ያለ ነው። እኛ ግን ዘመናዊ የመዘምራን ቡድን ስናቋቁም ሁሉም ልጅ ሁሉንም ስንኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲዘምር አደረግን። የጣልነውን ማንሣት አይከብድም። ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት፤ አውራጆቹን በየስንኙ ለውጡ፤ የማይዘምረው ወገን እንዲያዳምጥና የሰማውን እንዲናገር አድርጉ። በአንድ እርምጃ የድምፅ ጫናው በግማሽ ይቀንሳል፤ ጆሮም ይሠለጥናል።

ሌላም ከዜማ ቤት የምንወስደው ነገር አለ። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ብቻውን ይሰማል፣ ብቻውን ይመልሳል፤ መምህሩ የእያንዳንዱን ድምፅ ያውቃል። እኛስ? ስድሳ ልጆችን እንደ አንድ ሰው እንሰማለን። «ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት ይሰማል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ በየክፍለ ጊዜው አምስት ልጆች አንድ አንድ ስንኝ በየተራ ይበሉ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሙዚቃ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጥ እንኳ በ12 ሳምንት ስድሳውም ተሰምተዋል። ለፈተና አይሁን፤ ውጤትም አይሰጥበት። መምህሩ በመዝገቡ ላይ የልጁን ምቹ ክልልና የድምፁን ሁኔታ ብቻ ይጻፍ። በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ሲደግመው የተለወጠውን ያያል።

ስለ ከፍታና ዝቅታ ደግሞ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ወንድ መምህር መዝሙሩን ለራሱ ድምፅ በሚመቸው ቦታ ይጀምራል። ልጆቹ ከእሱ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው መዘመር ይገባቸዋል፤ እሱን ለመምሰል ሲሞክሩ ግን ወደ ደረት ድምፅ ወርደው ይጎረንናሉ፤ ዜማው ከፍ ሲል ያንኑ ከባድ ድምፅ እየገፉ ይወጣሉ። አንገታቸው የሚገተረው ያን ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ከመካከለኛው ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ ጀምሮ እስከ ላ ያለው ክልል ጥሩ መነሻ ነው። «የአገራችን ዘፈኖች ቅኝታቸው እንዲህ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ቅኝት የሚባለው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ መነሻ ድምፁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብንወስደው ቅኝቱ አይፈርስም። ክራርም ማሲንቆም ይህን ያውቃሉ፤ ለዘፋኙ ይቃኛሉ። ለልጁም ይቃኙለት።

ጤናማ አዘማመር ስንል ልጆቻችን የአውሮፓ ኦፔራ ዘፋኝ ይምሰሉ ማለታችን እንዳልሆነ ላስገነዝብ። ቀረርቶና ሽለላ የራሳቸው ጥንካሬ አላቸው፤ ልጆች ሊያውቋቸው ይገባል። ነገር ግን ሸላዩ አጭር ይላል፣ ያርፋል፣ ይንጎራደዳል፣ እንደገና ይላል። በልምምድ መጨረሻ ላይ፣ ድምፅ ከተሟሟቀ በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን። ጉዳቱ የሚመጣው ከመጠኑ ማለፍ እንጂ ከድምፁ ዓይነት አይደለም።

ማሟሟቂያውስ ምን ይሁን? እናቶቻችን ነግረውናል፤ ልጅ በሕይወቱ መጀመሪያ የሚሰማው ዜማ እሹሩሩ ነው፤ ለስላሳ፣ ዝቅ ያለ፣ ትንፋሽ የተሞላ። አፍ ዘግቶ ማንጎራጎር ከሁሉ የቀለለው ማሟሟቂያ ነው። ከንፈርን በትንፋሽ እያንቀጠቀጡ ዜማ ማውጣትና ማውረድ ሌላው ነው፤ ልጆች ይስቁበታል፣ ይወዱታልም። አሜሪካዊው የድምፅ ሳይንስ ሊቅ ኢንጎ ቲትዝ በምርምር ያጠናው ደግሞ በቀጭን ስትሮ ውስጥ ማዜምን ነው። በሦስቱም ሁኔታ የአየሩ መውጫ ስለሚጠብ ከላይ የሚፈጠረው ግፊት አውታሮቹን በቀስታ ያለያያቸዋል፤ ብዙ ሳይጋጩ ይርገበገባሉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ዋጋውም የአንድ ስትሮ ዋጋ ነው።

ዝንጅብል፣ ማርና ተልባ ሳላነሣ ብሄድ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ። የምንውጠው ነገር የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ ነው፤ አውታሮቹ ያሉት በአየር መንገድ ላይ ነው። ስንውጥ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ዝንጅብልም ማርም አውታሮቹን አይነኩም። ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ደስ ይላሉ፤ ይጠጡ። የጮኸበትን ሰዓት ግን አይመልሱም። አውታሮቹን የሚያረጥባቸው ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠጣ ውኃ ነው፤ እሱም በደም በኩል ዘግይቶ ይደርሳል። በበጋው ደረቅ አየር፣ በተለይ በደጋ አገር፣ ልጆች ውኃ ይዘው እንዲመጡ መፍቀድ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። ድምፁ የደከመ ልጅ ደግሞ በሹክሹክታ እንዲናገር አትዘዙት፤ የተጨነቀ ሹክሹክታ እረፍት አይደለም። በለሆሳስ ይናገር፣ ወይም ዝም ይበል።

ከልምምድ በኋላ ድምፁ የሚሻክር ልጅ፣ ሲዘምር አገጩ ወደ ላይ የሚነሣ፣ የአንገቱ ደም ሥር የሚገተር፣ ጉሮሮውን አሁንም አሁንም የሚጠርግ ልጅ ምልክት እየሰጠን ነው። መሻከሩ ያለ ጉንፋን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ወላጆቹ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም እንዲወስዱት መንገር ግዴታችን ነው። በልጆች ላይ የሚታዩት ጉብታዎች ብዙውን ጊዜ የድምፅ ልማድን በማስተካከል የሚሻሻሉ ናቸው፤ ልማዱን የሚያስተካክለው ደግሞ ቀኑን ከልጁ ጋር የሚውለው መምህር ነው። በዚህ ረገድ ታሪክ አንድ የሚያኮራ ነገር ትቶልናል። በሕይወት ያለ ሰው ሲዘምር የራሱን አውታሮች በመስተዋት ለማየት የበቃውና ዘዴውን ለዓለም የገለጸው ማኑዌል ጋርሲያ ሐኪም አልነበረም፤ የድምፅ መምህር ነበር። ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለለንደን የሳይንስ ሊቃውንት አቀረበው። ሐኪሞች የጉሮሮ መመርመሪያቸውን ያገኙት አንድ መምህር ተማሪዎቹ ድምፅ ሲያወጡ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ስለ ጓጓ ነው።

የራሳችንንም ድምፅ አንርሳ። በጠመኔ ብናኝ መካከል ቀኑን ሙሉ ከስድሳ ልጅ በላይ ለመሰማት የሚታገል መምህር ልጆቹን በቃሉ ለስላሳ ድምፅ ቢያስተምር በአርአያነቱ ጩኸት ያስተምራል። ጸጥታ ለማስከበር በጩኸት ፋንታ ጭብጨባ ወይም ደወል ይጠቀም። ልጆች የሚዘምሩት እኛ እንደምንናገረው ነው።

በመጨረሻ ለዕጩ መምህራን አንድ ነገር ላሳስብ። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስትቆሙ መዝሙሩ ቀጥኖ ሲሰማችሁ «ጮክ በሉ» ማለት ያምራችኋል። ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መዝሙሩን የጀመርሁላቸው በእነሱ ከፍታ ነው ወይስ በእኔ? ተሟሙቀዋል? እርስ በርስ ይሰማማሉ? ከሦስቱ አንዱን አስተካክላችሁ ድገሙት። ከዚያ ወደ አንዱ ረድፍ ቀረብ በሉና አዳምጡ። ከኋላ ቆሞ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ካለ ከልምምድ በኋላ ለብቻው አንድ ስንኝ እንዲያሰማችሁ ጠይቁት፤ ከየትኛው ድምፅ መጀመር እንደሚመቸውም እሱ ይምረጥ።